«ፈለፈለ»ን ስፈለፍለው

ቅዳሜ ማታ ማታ በዙም አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያደጉ የወዳጆቼ ልጆች ናቸው። እነሱ ጋ ጠዋት ስለሆነ ግማሾቹ ቁርስ እየበሉ ነው የሚማሩት። ጎበዞች ናቸው። ያልገባቸውን ነገር ግን ዝም ብለው አያልፉም፤ ሲያፋጥጡኝ ነው የሚውሉት።

አንዷ እንዲህ አለችኝ። «ጋሼ፣ ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች ይባላል። እማዬ ባቄላ ፈለፈለች ይባላል። ላሊበላ ከአለት ተፈለፈለ ይባላል። ይሄ አንድ ቃል ነው ወይስ ሦስት?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየን ብዬ ቀጠርኳት። ሳምንቱ ግን ወራት ሆነ። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደሄድኩበት ነው። አንድ የአማርኛ ግስ ከነሥሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ይጠቅመው ይሆናል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መዝገበ ቃላት አለመክፈት ነው። ሰነፍ ሆኜ አይደለም። መዝገበ ቃላት ካየህ በኋላ ጆሮህ የሚሰማው እዚያ ያነበብከውን ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ከፈትኩና ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን መጻፍ ጀመርኩ። «ፈለፈለ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አይረባም። ማን ፈለፈለ? ምን ፈለፈለ? ከምን ውስጥ? ሦስቱ ካልተጻፉ ነገ ተመልሰህ ስታየው ባዶ ነው።

አንድ ግስ ላይ ጆሮህን ከጣልክ የትም አያጣህም። እናቴ ቤት እሸት ባቄላ ይፈለፈላል። መንገድ ዳር ያለው ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ነው ወይስ የተፈለፈለ? ገጠር ያለ ዘመዴ ስልክ ሲደውል በቆሎ በእጅ እየፈለፈሉ አውራ ጣታቸው እንደተላጠ፣ ዘንድሮ ግን የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ተከራይተው እንደተገላገሉ ያወራል። ቆረቆንዳው ለማገዶ ይሆናል። ከዜና ደግሞ «የእሸት ቡና መፈልፈያ» ሰማሁ። ቀዩን ቡና ከሥጋው የሚለየው ማሽን ነው። የዶሮ እርባታ ማስታወቂያ ላይ «የጫጩት ማስፈልፈያ» አለ። ከበሮ ሠሪ የዋንዛ ግንድ ይፈለፍላል። ሙቀጫም ከግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው።

አንበጣንም አትርሱት። በ2012 ዓ.ም. መንጋው አገሩን ሲያዳርስ ዜናው ሁሉ «ተፈለፈለ» ነበር። ይህ ምሳሌ ለእኔ ልዩ ሆነብኝ። ሴቷ አንበጣ የሆዷን ጫፍ አሸዋማ አፈር ውስጥ ትሰድና እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት እንቁላሏን ትቀብራለች። ከዚያ ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ይንጫጫል። ጉድጓዱም እንቁላሉም እዚያው አንድ ቦታ ናቸው።

ማስታወሻው ሲሞላ ዓረፍተ ነገሮቹን በየፈርጁ መደልደል ጀመርኩ። መጀመሪያ የደለደልኳቸው በነገሩ ዓይነት ነበር፤ እህል ለብቻ፣ እንስሳ ለብቻ፣ ድንጋይና እንጨት ለብቻ። ይህ የልጅቷን ጥያቄ መልሶ ይሰጠኛል እንጂ አይፈታልኝም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው የሚይዘው የትኛውን ነው? የሚጥለውስ?

ያኔ ነገሩ ተገለጠ። ባቄላ የሚፈለፍል ሰው የውስጡን ይይዛል፣ ቅርፊቱን ይጥላል። ከበሮ የሚፈለፍል ሰው ቅርፊቱን ይይዛል፣ የውስጡን ይጥላል። ላሊበላም እንደ ከበሮው ነው። ግንበኞቹ አለቱን ከላይ ወደ ታች እያወረዱ የውስጡን አውጥተው ጣሉ፤ የቀረው ቅርፊት ግድግዳ፣ ዓምድና ጣሪያ ሆነ። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ወደታች ይወርዳል። ስለዚህ ግሱ የሚለው አንድ ነገር ነው። ውስጥን ከሽፋኑ መለየት። የትኛው ወገን እንደሚፈለግ ግሱ አይናገርም፤ ያንን የሚነግረን ከፊቱ የቆመው ስም ነው። ባቄላ ካልክ ውስጡ ነው፤ ከበሮ ካልክ ሽፋኑ ነው።

ዶሮዋ ላይ ሲደርስ ደግሞ አማርኛ ትንሽ አድልዎ ያደርጋል። ዶሮ እንቁላል ትታቀፋለች፤ 21 ቀን ገደማ ትቆያለች። ቅርፊቱን ከውስጥ ሰብሮ የሚወጣው ጫጩቱ ራሱ ነው። እኛ ግን «ዶሮዋ ፈለፈለች» እንላለን። ጫጩቱን «ተፈለፈለ» ብለን ዳር እናቆመዋለን። ለእኔ ይሄ ፍትሐዊ ነው። ያን ያህል ቀን ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ቀላል ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ የነበረው ሥራ ፈለፈለን ከጎረቤቶቹ መለየት ነው። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተማርኩ። ሰውን «ፈለፈለ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለህ አትጠይቅ። ማንም ቢሆን «ያው መቆፈር ነዋ» ይልህና ወደ ቡናው ይመለሳል። ይልቅ ራስህ ዓረፍተ ነገር ሠርተህ አቅርብለት። «እንዲህ ይባላል?» በለው። ሰው ትርጉም መስጠት ያቅተዋል፤ የማይባለውን ግን ወዲያው ያውቀዋል።

አክስቴን «ወፍጮ ፈለፈልኩ ይባላል?» ብዬ ጠየቅኳት። ድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ያደገች ሴት ናት። «አንተ ደሞ! ወፍጮ ይወቀራል እንጂ ማን ይፈለፍለዋል? ምን ሊወጣው?» አለችኝ። «ምን ሊወጣው» ያለችው ከብዙ ገጽ ማብራሪያ በለጠብኝ። ወፍጮ ሲለሰልስ በመውቀሪያ ይመታል፣ ፊቱ ይሻክራል፤ ከውስጡ ግን የሚወጣ ነገር የለም። ወቀረ የሚናገረው ስለ ምቱ ነው፤ ብረት ድንጋይ ላይ ሲያርፍ። ፈለፈለ ደግሞ ስለሚወጣው ነገር ነው። ስለዚህ ከበሮ አይወቀርም፤ እንጨት ነውና። ወፍጮ አይፈለፈልም፤ ባዶ አይሆንምና። ላሊበላ ግን ሁለቱንም ይቀበላል። ድንጋይ ስለሆነ ይወቀራል፣ ውስጡ ስለወጣ ይፈለፈላል። «ውቅር አብያተ ክርስቲያናት» እና «ከአለት የተፈለፈሉ» የሚሉት አባባሎች ሳይጣሉ ጎን ለጎን የሚኖሩት ለዚህ ነው። ትግራይ ውስጥ ያለችው ውቅሮ ከተማም ስሟ ከዚሁ ከወቀረ ቤት ነው፤ ጨርቆስ የሚባለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን እዚያው አለ።

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ይጠብቃል። ማቴዎስ 27፥60 ላይ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታን ሥጋ ያኖረው «ከአለት በወቀረው» መቃብር ነው። ማቴዎስ 6 ላይ ደግሞ ሌቦች «ቆፍረው» ይሰርቃሉ ይላል። የዛሬ ሰው ይህን ሲያነብ ምድር ቤት ያለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የጭቃ ግድግዳ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን «ሰርስረው ገቡ» ነው የምንለው።

ካሮት ይነቀላል። ድንች ይቆፈራል። ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ይዛቃል። ይህን ያህል ካልኩ ጎረቤቶቹ ይበቃሉ፤ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም።

መዝገበ ቃላቱን የከፈትኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሦስት ነበሩኝ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛው፣ እና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የቶማስ ኬን ባለ ሁለት ቅጹ አማርኛ–እንግሊዝኛ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአንድ ቤት ሥራ ናቸው። የግዕዙን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፣ ተማሪያቸው ኪዳነ ወልድ ገፉበት፣ የእሳቸው ተማሪ ደስታ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ትውልድ ማለት ነው። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ይህን ሳስብ የእኔ ጥቂት ወራት ምን ሊባል ነው እላለሁ።

ለጀማሪ የሚያስቸግረው ትርጉሙን መረዳት ሳይሆን ቃሉን ማግኘት ነው። ኪዳነ ወልድ የተከተሉት ተራ አበገደ ነው። ሀለሐመ ስትቆጥር «ፈ» መጨረሻው አካባቢ ናት። በአበገደ ግን ከ«ዐ» ቀጥላ፣ ከ«ጸ» በፊት ትመጣለች። ተራውን ወረቀት ላይ ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ እንደ ዕልባት አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀጥሎ ቃሉን ወደ ሥሩ መመለስ አለ። «መፈልፈያ»ን በ«መ» ሥር አትፈልጉ። መነሻውን አውጡና ወደ «እሱ አደረገ» መልሱት። ግን መጨረሻው ላይ «ያ» ነው ያለው፤ «ለ» የት ሄደ? «ገደለ»ን አስቡ። ገዳይ፣ መግደያ። ነቀለ፣ ነቃይ፣ መንቀያ። ከፈለ፣ ከፋይ፣ መክፈያ። መጨረሻው «ለ» የሆነ ግስ አድራጊውንና መሣሪያውን ሲሠራ «ለ»ን ወደ «የ» ይለውጣል። ስለዚህ ፈልፋይና መፈልፈያ ስታዩ ከሥራቸው «ለ» ተቀምጣለች ማለት ነው። ይህቺን ዘዴ ለልጆቹ ካስተማርኳቸው ወዲህ የማያውቁትን ቃል ራሳቸው እያደኑ ያመጡልኛል።

መዝገበ ቃላት የማይነግራችሁ ነገርም አለ፤ ፊደላችን ማጥበቂያ የለውም። «ፈለፈለ» ሲባል ሁለተኛዋ «ፈ» ትጠብቃለች፤ ገጹ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ይፈለፍላል እና ይፈለፈላል በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያሉ፤ አንዱ አድራጊ ነው፣ ሌላው ተደራጊ። ቤት ውስጥ አማርኛ የሰማ ልጅ ሲያነብ ጆሮው ይረዳዋል። ያልሰማ ግን ይደናበራል። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ ከጽሑፉ ጎን ድምፅ መቅዳትም ጀመርኩ።

ከዚያ ወደ ምንጩ ነው የሄድኩት። ግዕዝ ውስጥ ፈልፈለ አለ። እዚያ ስሜቱ ውሃ ውሃ ይላል፤ ፈለቀ፣ ገነፈለ፣ መነጨ ዓይነት ነው። ውሃ ከመሬት ውስጥ ሲወጣ። አማርኛው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ የሚያወጣውን እጅ አመጣ። ውስጥ ያለው ነገር ወደ ውጭ መምጣቱ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ነው የምወደው ክፍል የሚመጣው። በ«ፈ» እና «ለ» የሚጀምሩ ግሶችን ደርድሯቸው። ፈለጠ፣ እንጨት ለሁለት ሲሆን። ፈለቀ፣ ውሃ መሬት ሰንጥቆ ሲወጣ። ፈለቀቀ፣ ጥጥ ከፍሬው ሲላቀቅ። በግዕዝ ፈለየ፣ ለየ ማለት ነው። ሁሉም ውስጥ የሆነ ነገር ይከፈታል ወይም ይለያል። ይህ የአማርኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዐረብኛ ፈለቀ ሰነጠቀ ነው፤ ቁርኣን ውስጥ 113ኛው ሱራ አል-ፈለቅ ይባላል፤ ጨለማውን ሰንጥቆ የሚወጣው ንጋት ነው። ገበሬ በዐረብኛ ፈላሕ ነው፤ መሬት የሚሰነጥቅ። በዕብራይስጥ ፔሌግ ጅረት ነው፤ ግሱ ከፈለ ይላል። ዘፍጥረት 10፥25 ላይ ፋሌቅ የሚባል ሰው አለ፤ ስሙ የወጣለት ምድር በዘመኑ ስለተከፈለች እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። የእኛው ፈለግም ዘመዳቸው ነው። በግዕዝ ወንዝ ነው፤ በአማርኛ «ፈለጉን ተከተለ» ስንል ዱካ ሆኗል። የሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሁለት ፊደላትን እንደ አሮጌ ፍሬ ያዩአቸዋል፤ ሦስተኛዋ ፊደል እየተጨመረች ትርጉሙን ታጠብበዋለች ይላሉ። ክርክሩ ረጅም ነው። እኔን ግን ዝምድናው አሳምኖኛል።

ነገር ግን ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አይኮንም። ዱባይ ወይም ቤይሩት የሠራ ሰው፣ እስራኤል የሚኖር ወገናችንም፣ ፈላፍል ያውቃል። በሽምብራ የሚሠራው ጥብስ። «ፈለፈለ» ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል። ሽምብራ ደግሞ የሚፈለፈል እህል ነው! ተረት ለመፍጠር ከዚህ የተመቸ የለም። ፈላፍል ግን ከዐረብኛው ፊልፊል፣ ከቁንዶ በርበሬ የመጣ ስም ነው። እሱም በፋርስ በኩል ከሕንድ፣ ከሳንስክሪት ፒፓሊ የተሻገረ ነው። ከቁፋሮም ከእንቁላልም ጋር ጉዳይ የለውም።

እንዲህ ያለ ወጥመድ አገር ውስጥም አለ። «ድረ ገጽ ማሰስ» የሚለውን ሰምታችሁ «ማሰ»፣ ማለትም ጉድጓድ ቆፈረ፣ ከሚለው ጋር አታገናኙት። ማሰስ መነሻው አሰሰ ነው፤ ዳበሰ፣ ፈለገ ማለት ነው። ማሰ ደግሞ ሲነገር «ይምሳል» ነው። ዝምድናን ለመፈተን አንዱ ዘዴዬ ይሄ ነው። ግሱን «ይ…ል» ላይ አውጡት፤ ካልተስማማ ዘመድ አይደለም። ያስሳል እና ይምሳል አይስማሙም።

ፍልፈል ግን እውነተኛ ዘመድ ነው። ምድር ውስጥ የሚኖረው፣ አፈር እየገፋ የሚያወጣው እንስሳ። ባሌ ሰነቴ ላይ የሚኖረው ግዙፉ ዝርያ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ቀለብ ነው። ቀበሮው ጉድጓዱ አፍ ላይ አድፍጦ ይጠብቃል፤ ፍልፈሉ አፈር ሲያወጣ ይዘልበታል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው፤ በዚያው ሥራው ላይ እያለ ነው የሚበላውም።

ስለ ቅርጹም ትንሽ ልበል። ፈለፈለ ማለት «ፈለ» ሁለት ጊዜ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ሳቁ። ከዚያ የቁፋሮ ግሶችን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ሰረሰረ፣ ቦረቦረ፣ ጎረጎረ፣ ሸረሸረ፣ ቆረቆረ። ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ቀጠቀጠ፣ ነቀነቀ፣ ደበደበ የሚሉትም እንደነሱ ናቸው። አማርኛ የሚደጋገም ድርጊት ሲያጋጥመው ፊደሉንም ይደግመዋል። አንድ ጊዜ በመምታት ከበሮ አይወጣም፤ አንድ ጊዜ በመንካት ጆሮ አይጎረጎርም። ሌባ ግድግዳ ይሰረስራል፣ ትል ጥርስ ይቦረቡራል ይባላል፣ ጎርፍ አፈር ይሸረሽራል። ቆረቆረ ደግሞ ከሁሉም በላይ ዕድገት አግኝቷል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. «ተቆረቆረች» እንላለን። የከተማ መመሥረት በቁፋሮ ግስ ሲነገር የሚገርመው ሰው ካለ ዛሬ ወጥቶ መንገዶቿን ይይ።

ቆፈረ ከዚህ ቡድን ውጭ ነው። ብዙ ምት ያለበት ሥራ ሆኖ ሳለ ፊደሉ አይደገምም፤ እዚህም እዚያም ሲሆን «ቆፋፈረ» እንላለን። ቆፈረን ስከታተል ነው መዝሙረ ዳዊት 7 ላይ የወደቅኩት። 15ኛው ቁጥር ክፉ ሰው ጉድጓድ እንደማሰና እንደቆፈረ፣ ከዚያም ራሱ እንደገባበት ይናገራል። በአማርኛው ሁለት ግሶች አሉ፤ ማሰና ቆፈረ። የዕብራይስጡን ስታዩ እዚያም ሁለት ናቸው፤ ካራ እና ሐፈር። ግዕዙ «ግበ ከረየ» ብሎ ይጀምራል። ከረየ የዕብራይስጡ ካራ ራሱ ነው። ሐፈርስ? ዐረቡ እስከ ዛሬ ሲቆፍር ሐፈረ ይላል። ግዕዝም ይህ ግስ አለው፤ ግን ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠው ፈሐረ ሆኗል። ትግርኛ ላይ ፈሓረ ጫረ የሚል ስሜት ይዞ ይኖራል። ማሰ ደግሞ ከሳመ፣ ከላከ፣ ከማለ፣ ከካደ ሰልፍ ነው። እነዚህ በግዕዝ ሰዐመ፣ ለአከ፣ መሐለ፣ ክሕደ ናቸው፤ መካከል ላይ የነበረችውን የጉሮሮ ፊደል አማርኛ ዋጠና በቦታዋ «ኣ» የሚል ድምፅ ተወ። ይስማል፣ ይልካል፣ ይምላል፣ ይምሳል፤ ሲነገሩ አንድ ናቸው።

ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ይህ ቁጥር ነው የበለጠ የጠቀመኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር በብዙ ቋንቋ የተተረጎመበት ጽሑፍ ካለ ከመዝገበ ቃላት በፊት እሱን አስተያዩ። ተርጓሚው ሁለት ግስ ጎን ለጎን ሲያገኝ ሁለት ግስ ለመፈለግ ይገደዳል፤ ከቋንቋው ጓዳ ያለውን ሁሉ ያወጣል። የእኛም ሰው «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላል። እዚህ ላይ «ስትፈለፍል» ብትሉ ያስቃል። ጉድጓድ ከመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ሽፋንም የለው፣ ፍሬም የለው።

የቀረኝ ዘይቤያዊው አጠቃቀም ነበር። እሱ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን ሰው አፍ ላይ ነው ያለው። «ፈልፍሎ ማውጣት» ዛሬ የጋዜጠኛና የመርማሪ ቋንቋ ሆኗል፤ የተደበቀ ነገር ውስጥ ገብቶ ምስጢሩን ማምጣት። ጎረጎረ ተመሳሳይ ይመስላል፤ ግን ወቀሳ አለበት። «ምን ይጎረጉራል?» ካልን የማያገባው ቦታ ገብቷል ማለት ነው። ፈልፍሎ ያወጣ ሰው ይመሰገናል፤ ጎርጉሮ ያወጣ ይታማል። ያገኙት ነገር አንድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዘይቤ ከዶሮዋ የመጣ ነው፤ ብዛት። ግጥም ይፈለፍላል፣ ወሬ ይፈለፍላል፣ ፋብሪካው ዕቃ ይፈለፍላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰሞኑን የማይፈለፈል ነገር የለም፤ ካፌ በለው፣ የዩቲዩብ ቻናል በለው። ጥራቱ ላይ ጥርጣሬ አለው። ጥሩ ደራሲን «መጽሐፍ ይፈለፍላል» ብትሉት አመሰግናለሁ አይላችሁም። ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ልጅ ትፈለፍላለች» የሚለውን እኔም ሰምቼዋለሁ፤ የሚባለው ሴትዮዋ በሌለችበት ነው። ለተማሪዎቼ ይህንን ሳስጠነቅቅ «ታዲያ ምን እንበል?» አሉኝ። ወለደች በሉ አልኳቸው።